ቱሊፕሽን የጎዳው አፈሩ አይደለም፣ ብርድ ማጣቱ ነው

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ሌላውም እንዲከታተል ባጭሩ ልድገመው፦ ባሕር ዳር ሽምብጥ በኩል ከጣና ሐይቅ ብዙም ያልራቀ ግቢ አላችሁ፣ እህትሽ ባለፈው ጥቅምት ከሆላንድ የቱሊፕ አበባ ቡልብ (ሽንኩርት የሚመስለውን የሚተከል ክፍሉን) ይዛልሽ መጣች፣ ግማሹን ወዲያው ተከላችሁ፣ ግማሹን ደግሞ እናትሽ «ተክል የሚተከለው ክረምት ሲገባ ነው» ብለው አስቀምጠውት ሰኔ ላይ ተተከለ። የጥቅምቱ ቅጠል አወጣና እምቡጡ ከቅጠሉ መሃል ሳይወጣ ደርቆ ቀረ፣ የሰኔው ጭራሽ ሳይበቅል በሰበሰ። አሁን እህትሽ ለእንቁጣጣሽ ሌላ ይዛ ልትመጣ ነው፣ ጎረቤት ዳፕ ማዳበሪያ አድርጊበት ይልሻል፣ አንቺ ደግሞ አፈሩ ነው ወይ፣ የእምቦጭ ኮምፖስትስ ይሆናል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል።

እሺ። መጀመሪያ የጥቅምቱና የሰኔው አንድ ችግር አይደለም፣ ሁለት የተለያየ ችግር ነው፣ ይሄን ካልለየን ዘንድሮም ያው ነው የሚሆነው። የሰኔውን የገደለው ውሃ ነው። የጥቅምቱን ግን አፈርም ውሃም አልነካውም፣ ያማ ቢሆን ቅጠሉስ መች ይወጣ ነበር። እሱ ያጣው ብርድ ነው።

ቱሊፕ አገሩ ሆላንድ አይደለም፣ ሆላንዶች ያገኙት በ16ኛው ክፍለ ዘመን በቱርኮች በኩል ነው። ከመሰረቱ የመካከለኛው እስያ የተራራ አበባ ነው፣ ቲየን ሻን፣ ፓሚር፣ እዚያ አካባቢ። እዚያ ክረምቱ በረዶ ነው፣ ቡልቡ አፈር ውስጥ ሆኖ ወራት ሙሉ ይቀዘቅዛል፣ በረዶው ሲቀልጥ ቶሎ ብሎ ያብባል፣ ከዚያ በጋው ደረቅና ሞቃት ስለሆነ ቅጠሉን ጥሎ መሬት ውስጥ ይተኛል። ማለትም ሲተኛ ደረቅ ይፈልጋል፣ ለማበብ ደግሞ ከዚያ በፊት ረጅም ብርድ ማግኘት አለበት። የኛን ባሕር ዳርን ተመልከቺ እንግዲህ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነን፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ 8 እና 10 ዲግሪ ቢገባም ቀኑ 26፣ 27 ስለሚደርስ አፈሩ በደንብ ሳይቀዘቅዝ ይነጋል፣ ሐይቁ ዳር ያለ ግቢ ደግሞ ውሃው ሙቀት ይዞ ስለሚያድር ሌሊቱም ለዘብ ይላል። ቡልቡ መተኛት በሚፈልግበት በሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ደግሞ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ያኔ ነው። በዓመት ከምናገኘው 1,400 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ ብዙው በእነዚህ ወራት ነው የሚዘንበው። ስለዚህ እናትሽ ያሉት ለበቆሎ፣ ለዳጉሳ፣ ለችግኝም ትክክል ነው፣ ለቱሊፕ ግን ተቃራኒው ነው የሚሰራው፣ እሳቸውን እንዳትወቅሺ።

ብርዱ ምን ያደርግለታል? ሰው የሚገርመው ነገር አበባው አንቺ ስትተክይው አይደለም የሚፈጠረው፣ ቡልቡ ሲመጣ ውስጡ ተሰርቶ ነው የሚመጣው። ካላመንሽ ከሚመጡልሽ ውስጥ አንዱን መስዋዕት አድርጊና በሹል ቢላ ከጫፉ ወደ ታች ለሁለት ሰንጥቂው። ዳር ዳሩ ነጭ ድርብርብ ሥጋ ነው፣ መሃሉ ላይ ቢጫ ነገር ቆሞ ታያለሽ፣ እሱን በመርፌ ጫፍ ቀስ አድርገሽ ገልጠሽ በማጉያ መነጽር ብታዪው ገና ሩዝ ፍሬ የማታህል አበባ ናት፣ ቅጠሎቿ፣ ስድስቱ ወንዴ ዘንጎች፣ መሃሏ ላይ ሦስት ቦታ የተከፈለችው ሴቴዋ ሁሉ አለ። አምራቾቹም ቡልቡን ወደ ቅዝቃዜ ከማስገባታቸው በፊት እንዲህ ሰንጥቀው ነው የሚያዩት፣ ያች ሦስት ከንፈር ካልታየች ገና ነው ብለው ይጠብቃሉ። አበባዋ አለች እንግዲህ፣ የጎደለው ከዚያ ማህጸን ወጥታ በአገዳ ላይ ከፍ እንድትል የሚያደርጋት ነው። ለሳምንታት ከ2 እስከ 9 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ሲቆይ በቡልቡ ውስጥ የተከማቸው ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል፣ አገዳውን የሚያስረዝመው ሆርሞንም ሥራ ይጀምራል። ያ ካልሆነ ቅጠል ይወጣል፣ አገዳው ግን አጭር ሆኖ ይቀራል፣ እምቡጧም ቅጠል መሃል እንዳለች ትደርቃለች። የጥቅምቱ የደረሰበት ይሄ ነው፣ ልክ አንቺ እንደጻፍሽው።

ስለዚህ መልሱ ፍሪጅ ነው። ሳቂ እንጂ እውነቴን ነው፣ የበረዶ ክረምት የሌለበት አገር ሁሉ ቱሊፕ የሚያብበው በፍሪጅ ነው።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ቡልቦቹ እንደመጡ ሳታጥቢያቸው ለስላሳ የሆነውን፣ ሲነኩት ቀሎ ባዶ የመሰለውን፣ የኮመጠጠ ሽታ ያለውን ለይተሽ ጣይ፣ ያ ፉሳሪየም የሚባል ፈንገስ የያዘው ነው፣ ለራሱ ብቻ ቢሞት ባልከፋ፣ አጠገቡ ያሉትንም ነው የሚያበላሽ። ቅርፊቱ ላይ ብቻ ሰማያዊ ሻጋታ ካየሽ ግን ሥጋው ጠንካራ እስከሆነ ድረስ በጨርቅ ጠርገሽ ተያዥው፣ አይጎዳም። ከዚያ በወረቀት ከረጢት ወይም ሽንኩርት በሚሸጥበት የመረብ ከረጢት አድርገሽ ፍሪጁ ታችኛው የአትክልት መሳቢያ ውስጥ አስገቢ። ፌስታል አይሆንም፣ ይታፈንና ይሻግታል። ፍሪዘር ውስጥ በፍጹም። የኋላው ግድግዳ ላይም አታስጠጊው፣ አንዳንዱ ፍሪጅ እዚያ ጋ በረዶ ይሰራል፣ ቡልብ ከረጋ አለቀለት። ሙቀቱ 5 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ትንሽ ቴርሞሜትር ገዝተሽ መሳቢያው ውስጥ ብታደርጊ ከመገመት ይሻላል፣ የፍሪጁ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚያሳየው የራሱን ጉዳይ ነው።

ጊዜው ቢያንስ 12 ሳምንት ነው፣ 14 ቢሆን ደስ ይለኛል። እህትሽ ለእንቁጣጣሽ ከመጣች ሂሳቡ ቆንጆ ነው የሚሆነው፣ መስከረም 1 ቢገባ ህዳር 25 ላይ 12 ሳምንቱ ይሞላል፣ ያኔ ትተክያለሽ፣ ከተተከለ በኋላ በኛ ሙቀት ከ5 እስከ 7 ሳምንት ይፈጅበታል፣ ያ ማለት ከገና እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜና ትንሽ አለፍ ብሎ፣ የዓመቱ ቀዝቃዛ ሌሊት ላይ ነው የሚያብበው ማለት ነው። ይሄን ካሳለፍሽና ወደ የካቲት ከተገፋ ቀኑ እየሞቀ ስለሚሄድ አበባው ቢወጣም በሁለት በሦስት ቀን ይረግፋል። መብራት ጠፋ ብለሽ አትሸበሪ፣ ቡልብ ወተት አይደለም፣ አንድ ሌሊት ቢሞቀው አይበላሽም፣ ፍሪጁን አትክፈቺው በቃ። ለቀናት ከጠፋ ግን የጠፋውን ያህል ቀን መጨረሻ ላይ ጨምሪለት።

አሁን ዋናው ነገር፣ ባሕር ዳር ላይ ቱሊፕ ከሚበላሽበት ምክንያት አንዱ ነው ብዬ የማስበው፣ ማንጎ። ማንጎ፣ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱን፣ ፖም፣ ቲማቲም፣ ሲበስሉ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ይለቃሉ፣ ለዓይንም ለአፍንጫም አይታወቅም፣ ፍሬውን የሚያበስለው እሱ ነው፣ የቱሊፕን እምቡጥ ደግሞ ቡልቡ ውስጥ እንዳለች ይገድላታል። ቡልቡ ከውጭ ምንም አይመስልም፣ ጠንካራ ነው፣ ትተክይዋለሽ፣ ቅጠል ያወጣል፣ አበባ የለም፣ ከዚያ አፈሩን ትወቅሻለሽ። በየቤታችን ፍሪጁ ውስጥ ከዘጌ የመጣ ማንጎ ወይ አቮካዶ የማይጠፋበት ከተማ ውስጥ ነው ያለነው፣ ስለዚህ ለሦስት ወር ፍሬ ሌላ ቦታ ይቀመጥ፣ ካልሆነ ፍሪጅ ውስጥ ፍሬ የማይገባበት የዘመድ ቤት፣ የሱቅ የለስላሳ ፍሪጅ ፈልጊ፣ የባለ ሱቁን ፈቃድ ካገኘሽ እሱ እንደውም የተሻለ ነው። ቅድም ያልኩሽ የበሰበሰ ቡልብ የሚጣለውም ለዚሁ ነው፣ ፉሳሪየም የያዘው ራሱ ኤቲሊን ይለቃል።

ከረጢቱ ላይ በትልቁ «አበባ፣ አይበላም» ብለሽ ጻፊበት፣ ቀይ ሽንኩርት ነው የሚመስለው፣ ቁሌት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ቀልድ አይደለም፣ ቱሊፕ ለሰውም ለውሻም ለድመትም መርዛማ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 የጦርነቱ ረሃብ ጊዜ ሆላንዶች በልተውታል፣ ግን መሃሉን ቢጫውን እያወጡ ነው፣ የዛሬው ቡልብ ደግሞ የፈንገስ መድኃኒት የተነከረ ሊሆን ይችላል። እጅ የሚያሳክከውም አለ፣ ብዙ ከነካሽ ጓንት አድርጊ።

ወደ ተከላው። ግቢሽ ውስጥ መሬት ላይ አትትከይ፣ ፖት ላይ ትከይ። ምክንያቱ አንድ፣ ሐይቁ ዳር ያለው ጥቁር አፈር ዋልካ ነው፣ ውሃ ይዞ አይለቅም። ሁለት፣ ፖት ከሆነ ቀን ሲሞቅ ወደ ጥላ፣ ማታ ወደ ውጭ ታወጪዋለሽ፣ መሬት ላይ ያለ ግን የትም አይሄድም። ከታች በደንብ የተበሳ 25 ወይም 30 ሳ.ሜ. ጥልቀት ያለው ፖት፣ ሸክላ ከሆነ ይመረጣል፣ ሲተን ያቀዘቅዘዋል። አፈሩን ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የተብላላ ኮምፖስት አድርጊው። ስትጨብጪው ተጣብቆ ኳስ የሚሆን ከሆነ አሸዋ ጨምሪ።

ቡልቡ ሥሩ የሚወጣበት ታች በኩል ያለውን ቡናማ ቅርፊት በጣትሽ ቀስ ብለሽ ላጪለት፣ ቅርፊቱ ደርቆ ሥሩን ያስቸግረዋል፣ ሥሩ እኩል ከወጣ አበባውም እኩል ይወጣል። አንዱ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፣ እሱን ወደ ፖቱ ጠርዝ አዙሪው፣ የመጀመሪያው ትልቁ ቅጠል በዚያ በኩል ስለሚወጣ ወደ ውጭ ወድቆ ያምራል፣ አበቦቹ መሃል ይሰበሰባሉ። ሳይነካኩ አጠጋግተሽ ደርድሪያቸው፣ ፖት ላይ ጫፋቸው 5 ሳ.ሜ. ያህል ቢሸፈን ይበቃል። መሬት ላይ ካልሽ ግን 15 ሳ.ሜ. ነው። ከፍሪጅ ያወጣሽ ዕለት ትከያቸው፣ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ካደሩ ሙቀቱን ይለምዱና ሥር ሳያወጡ ጫፋቸው ይሮጣል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንት ቤትሽ ውስጥ ካለው ሁሉ ቀዝቃዛና ጨለም ያለ ቦታ አስቀምጪው፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ከቤቱ ጀርባ በሰሜን በኩል፣ ከላይ የጤፍ ጭድ ጎዝጉዢበት። በዚህ ጊዜ የምትፈልጊው ሥር ነው፣ ቅጠል አይደለም። ጫፉ ጣት ያህል ብቅ ሲል የጠዋት ፀሐይ ወደሚያገኝበት አውጪው፣ ከአራት ሰዓት በኋላ ግን ጥላ። ማታ ማታ ውጭ ይደር፣ የታኅሣሥ ብርድ ያስፈልገዋል፣ ለሰው ነው እንጂ ለሱ ጋቢ አያስፈልገውም።

ውሃ ጠዋት፣ ጣትሽን አስገብተሽ ላይኛው 2 ሳ.ሜ. ሲደርቅ ብቻ፣ አፈሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አይደለም። ቅጠሉ ረጥቦ ካደረ ቦትሪቲስ የሚባለው ይይዘዋል፣ ቅጠሉ እሳት የለበለበው መስሎ ጠብታ ጠብታ ይሆንና ግራጫ ሻጋታ ያወጣል፣ ያየሽውን ቅጠል ቆርጠሽ አቃጥይ፣ ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሪ። ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል መጣጭ ትንሽ ተባይ ከመጣ በሳሙና ውሃ አጥቢው። ስለ ክሽክሽ ካነሳን አይቀር፣ ሆላንድ ውስጥ ድሮ ቱሊፕ ያበደ ዋጋ ያወጣ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 1637 ገበያው እስኪወድቅ ድረስ፣ አንዳንዱ ቡልብ በቤት ዋጋ ይጠራ ነበር፣ ከሁሉ ውዱ ነጭና ቀይ የተዥጎረጎረው ነበር፣ ያ ዥጉርጉር ቀለም በሽታ መሆኑ፣ ክሽክሽ የሚያስተላልፈው ቫይረስ መሆኑ የታወቀው ከዚያ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ሰው ለበሽታ ነበር ያን ሁሉ ገንዘብ የሚከፍለው። ስለዚህ አንድ ቀለም የነበረው አበባሽ ተዥጎርጉሮ ቢወጣ አምሮ ሊሆን ይችላል፣ አንቺ ግን ነቅለሽ ጣይው።

ዳፑን ተይው። ዩሪያውንም፣ ኤንፒኤሱንም። ለዚህ ዓመት አበባ የሚያስፈልገው ምግብ ቡልቡ ውስጥ ተሸክሞት የመጣ ነው፣ ጥሬ ፍግ ደግሞ ሥሩን ያቃጥላል።

ሲያብብ ቤት ውስጥ የምትፈልጊው ከሆነ እምቡጡ ገና አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ ቀለሙ ብቅ እንዳለ ጠዋት ቁረጪው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አድርጊው፣ ከፀሐይና ከፍራፍሬ ሳህን አርቂው፣ እዚህም ላይ ማንጎው ጠላት ነው። ቱሊፕ ከተቆረጠ በኋላም አገዳው ማደጉን አያቆምም፣ ወደ ብርሃን ይጎብጣል፣ ያ ጉድለት አይደለም።

ከዚያ በኋላስ? እናትሽ በየዓመቱ ራሱ የሚመለስ በር ላይ የሚሆን አበባ ነው የሚፈልጉት ብለሻል፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ቱሊፕ እዚህ አይሆንላቸውም። የተከልሽው ቡልብ አንዴ ካበበ በኋላ ራሱ ያልቃል፣ በቦታው ትንንሽ ልጆች ነው የሚተካው፣ እነዚያ ለማበብ የሚበቃ መጠን እንዲይዙ ከአበባው በኋላ ቅጠሉ ቢያንስ ስድስት ሳምንት በቀዝቃዛ አየር ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ መቆየት አለበት፣ የኛ የካቲትና መጋቢት ደግሞ ቅጠሉን ቶሎ አድርቆ ይጨርሰዋል። በሚቀጥለው ዓመት አንድ ሰፊ ቅጠል ያወጣልሽና በቃ። ስለዚህ ካበበ በኋላ ነቅለሽ ጣይ፣ እንደተቆረጠ አበባ ቁጠሪው። ይሄን ስል የሚከፋቸው ሰዎች አሉ፣ ግን በየዓመቱ ሦስት ወር ፍሪጅ ውስጥ ልጅ ማሳደግ የሚወድ ካለ እንግዲህ ምርጫው ነው። ብርድ ትንሽ ሲያንስም የሚችል ዓይነት እህትሽ ማግኘት ከቻለች ቱሊፓ ክሉሲያናን ትጠይቅ፣ ትንንሽ ናት፣ ቀይና ነጭ፣ እሷም ግን ፍሪጅ መግባቷ አይቀርም። ከትልልቆቹ ትሪያምፍ የሚባለው ወገን ለእንዲህ ያለው አሰራር ይመቻል። ቡልቡ ዙሪያው 12 ሳ.ሜ. ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ትምረጥ፣ ሳጥኑ ላይ ይጻፋል።

ለእናትሽ በር ግን እኔ ብሆን የምተክለው ካርከማ ነው፣ የሲያም ቱሊፕ የሚሉት። ከእርድ ጋር ዘመድ ነው፣ የታይላንድ አካባቢ ነው፣ አበባው ሐምራዊ ሆኖ ከሩቅ ቱሊፕ ነው የሚመስለው፣ ጠባዩ ግን ለኛ የተፈጠረ ነው፣ ዝናብ ሲጀምር ይነሳል፣ በሙቀትና በዝናብ ያብባል፣ በጋ ሲሆን መሬት ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል። እናትሽ እንዳሉት ሰኔ ላይ ነው የሚተከለው፣ ደስ ይላቸዋል። በየችግኝ ጣቢያው አይገኝም፣ ካጣሽው አማሪሊስና ግላዲዮለስ አይከዱሽም። ካላ የምንላትን ነጯን አበባም በቦይ ዳር ብትተክሊ ውሃ ትወዳለች፣ ሳይንሳዊ ስሟ ዛንቴዴሺያ ኤቲዮፒካ ነው፣ አገሯ ግን ደቡብ አፍሪካ ነው። የኛው የዱር ደግሞ ስካዶክሰስ አለ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ከቅጠሉ በፊት ቀይ ኳስ የሚያክል አበባ የሚያወጣው፣ ከቤተ ክርስቲያን ደን ቆፍረሽ ግን አታምጪ፣ አደራ።

እምቦጩ። ለቱሊፕ ፖት አይሆንም። የግቢ ክምር ውስጡ ዘሩን ለመግደል በሚበቃ መጠን አይሞቅም፣ የእምቦጭ ዘር ደግሞ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት የሚቆይ ነው። አንቺ ከሐይቁ አጠገብ ነሽ፣ ፖትሽን ያጠጣሽበት ውሃ በቦይ አድርጎ የሚወርደው ወደ ጣና ነው፣ ሌላው በእጁ እየነቀለ አንቺ በኮምፖስት እየመለስሽ አይሆንም። የቡና ገለባ ወይም የቅጠል ኮምፖስት ይበቃሻል።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ ቡልብ የዕፅዋት ኳራንታይን የሚመለከተው ነገር ነው፣ እህትሽ ከሻጩ የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት ትቀበል፣ እዚህ ሲገባ የሚጠየቀውንም ፈቃድ አስቀድማችሁ ግብርና ባለሥልጣን ጠይቁ፣ ኤርፖርት ላይ ሻንጣ ተከፍቶ ከመወሰዱ በፊት። ስትገዛ ደግሞ ቡልቡ አስቀድሞ የቀዘቀዘ ነው ወይስ አይደለም ብላ ትጠይቅ፣ የሚሸጡት ሁለቱንም ዓይነት ነው፣ የቀዘቀዘውን ከሰጧት ሂሳቡ ሁሉ ይቀየራል፣ በመንገድ ትንሽ ቢሞቅም 12 ሳምንቱን ከመጀመሪያው መቁጠር አያስፈልግ ይሆናል። ሳጥኑ እንደደረሰሽ የጽሑፉን ፎቶና ለሁለት የሰነጠቅሽውን ቡልብ ፎቶ ላኪልኝ፣ ስንት ሳምንት ፍሪጅ እንደሚቀረው ያኔ እነግርሻለሁ።